ኮምቦልቻ ላይ የትንኝ እጭ ሲለዩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከሁሉም የከፋው እጩን ሳያዩ በውሃው መፍረድ ነው። ቦርከና ዳር ካለ ኩሬ ከተጨለፈ የወባ ትንኝ፣ ከበርሜል ከሆነ የደንጊ ትኩሳት አስተላላፊዋ ኤዴስ ማለት ድሮ ብዙ አያሳስትም ነበር። በ2016 እ.ኤ.አ. ቀብሪ ደሃር ላይ አኖፊለስ ስቴፈንሲ ከተገኘች ወዲህ ግን ያሳስታል። ይህች የወባ ትንኝ በሮቶ፣ በበርሜልና ለግንባታ በተጠራቀመ ውሃ ትራባለች፤ ከኤዴስ ጋር አንድ በርሜል ውስጥ የምትገኝበትም ጊዜ አለ። ኮምቦልቻን በመሰለ ግንባታ በበዛበት ከተማ በርሜሉን «የደንጊ ነው» ብሎ ማለፍ ወባን ማሳለፍ ነው።

ጥላ አጥልቶ ወዲያው መጭለፍ። እጮቹ ጥላ ሲያርፍባቸው ይሰምጣሉ። ፀሐይን ፊት ለፊት ይዘው ይቁሙ፣ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይታገሡ፣ 350 ሚሊ ሊትር የሚይዘውን መጭለፊያ በ45 ዲግሪ አዘንብለው ከዳር ይቅዱ።

በአንድ ምልክት መወሰን። አኖፊለስ፣ ማለትም የወባ ትንኞች ወገን፣ መተንፈሻ ቱቦ ስለሌላት በውሃው ገጽ ላይ ተጋድማ ትታያለች፤ ኩሌክስ የተባለችው ሌላዋ የትንኝ ወገንና ኤዴስ ግን ጭንቅላታቸውን ወደ ታች ዘቅዝቀው ይንጠለጠላሉ። ይህን በሕይወት ሳሉ፣ በነጭ ሳህን ላይ ይመልከቱት፤ የሞተ እጭ እንደሆነው ይንሳፈፋል። ዲክሳ የምትባል ነፍሳት እጭም ገጹ ላይ ስለምትቀመጥ አኖፊለስ ትመስላለች፤ እንደ ፈረስ ጫማ መታጠፏ ግን ያጋልጣታል። ኩሌክስን ከኤዴስ ለመለየት የቱቦው ርዝመት ብቻ አይበቃም፤ በላዩ ያሉት የጸጉር ዘለላዎች ይቆጠሩ። ኤዴስ አንድ ጥንድ ብቻ ሲኖራት ኩሌክስ በርከት ያሉ ጥንዶች አሏት።

ጨቅላውን እጭ ለመለየት መሞከር። መለያ ሰንጠረዦች የሚሠሩት ለአራተኛው፣ ማለትም ለመጨረሻው ደረጃ ነው፤ ገና የተፈለፈለ እጭ ላይ የሚፈለጉት ጸጉሮች ገና አልበቀሉም። ስለዚህ ያሳድጓቸው። ደሴ ላይ ብርዱ ስለሚያዘገያቸው ሞቅ ያለ ክፍል ይሻላል። ምግቡ ቁንጥር እርሾ ይሁን፤ ከበዛ ገጹ ላይ ሽፋን ሠርቶ አየር ይከለክላቸዋል።

በሕይወት ሳለ አልኮል ውስጥ መክተት። እጩ ይኮማተራል፣ ይጠቁራል፣ ጸጉሩ አይነበብም። መጀመሪያ 60 ዲግሪ በሚደርስ ሙቅ ውሃ ይግደሉት፣ ከዚያ 80 በመቶ አልኮል። መለያ ወረቀቱ በእርሳስ ይጻፍ፤ የእስክርቢቶ ቀለም ይሟሟል።

በማይክሮስኮፕ ብቻ «አረቢየንሲስ ነች» ብሎ መጻፍ። ወባ የምታስተላልፈው አኖፊለስ አረቢየንሲስና በ2013 እ.ኤ.አ. አማሪከስ የሚል ስም የተሰጣት እህቷ በእጭነትም ካደጉ በኋላም በመልክ አይለዩም፤ የሚለያቸው የዘረመል ምርመራ ነው። ውጤቱ እስኪመጣ መዝገቡ ላይ ሁለቱንም የሚያቅፈው በመልክ የማይለዩ ዝርያዎች ስብስብ፣ «የጋምቢዬ ቡድን»፣ ብቻ ይስፈር።