የሚታገሉለትን ጉዳይ እንዴት ይመርጣሉ? ከጤና ጣቢያ ደጃፍ እስከ ምክር ቤት

የሚታገሉለትን ጉዳይ ከመምረጥዎ በፊት አንድ ጥያቄ ይመልሱ፦ ይህን ነገር የሚወስነው ማን ነው? መልስዎ «መንግሥት» ወይም «እነሱ» ከሆነ ጉዳዩ ገና አልተመረጠም። የአንድ ጽሕፈት ቤት፣ የአንድ ቦርድ ወይም የአንድ ምክር ቤት ስም መጥራት እስኪችሉ ድረስ ያሳሰበዎትን ነገር ማጥበብ ያስፈልጋል። የኑሮ ውድነት ሁላችንንም ያስመርራል፤ ነገር ግን «የኑሮ ውድነት ይቁም» የሚል ማመልከቻ ተቀብሎ የሚወስንበት መሥሪያ ቤት የለም። «የአካባቢያችን የሸማቾች ማኅበር ዘይትና ስኳር የገባበትን ቀን፣ መጠኑንና የሚሸጥበትን ዋጋ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጥፍ» የሚለው ጥያቄ ግን ባለቤት አለው፤ የማኅበሩ አመራር ሊቀበለው ወይም እምቢ ሊለው ይችላል፣ እምቢ ካለም አባላቱ በጠቅላላ ጉባኤ ሊያነሱት ይችላሉ።

ይህ ማለት ዜጋ በትልልቅ የሀገር ጉዳዮች አይግባ ማለት አይደለም። ትልቅ ጉዳይም ቢሆን የሚንቀሳቀሰው የሚወስነው አካልና የሚለወጠው ነገር ተለይተው ሲታወቁ ነው። የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን ሥራ ለዚህ ማሳያ አድርጌ እመለከተዋለሁ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድትዳር ይፈቅድ፣ ባልንም የቤተሰቡ ራስ ያደርግ ነበር። የማኅበሩ ባለሙያዎች ለተበደሉ ሴቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ከመስጠት ጎን ለጎን «የሴቶች እኩልነት ይከበር» በሚል ጥቅል ጥያቄ ሳይወሰኑ በእነዚህና በመሰሎቻቸው ድንጋጌዎች ላይ ተከራከሩ። ሌሎችም የተሳተፉበት ግፊት ፍሬ አፍርቶ በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ የጋብቻን ዕድሜ ለሁለቱም ፆታ 18 አደረገ፣ ባልና ሚስትንም በቤተሰቡ አስተዳደር እኩል አደረጋቸው። ክልሎች የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ የማውጣት ሥልጣን ስላላቸው ጥያቄው ከዚያ በኋላ ወደ እያንዳንዱ ክልል ምክር ቤት መሄድ ነበረበት።

ሁለተኛው መለያ ይኸው ነው፦ የጎደለው ሕጉ ነው ወይስ አፈጻጸሙ? ሕግ ማስለወጥ ረጅም ጊዜ፣ የባለሙያ እገዛና ሰፊ ድጋፍ ይጠይቃል። ወጥቶ የተቀመጠን ሕግ ማስፈጸም ግን የአንድ ሰፈር ነዋሪዎች ሊሞክሩት የሚችሉት ሥራ ነው፤ በእኔ እምነት ለጀማሪ የሚመከረውም ይህኛው ነው። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ለሕዝብ አገልግሎት የሚውል ሕንፃ ለአካል ጉዳተኞች አመቺ መግቢያ እንዲኖረው ያዛል። በዚህ አዋጅ ላይ ተመሥርቶ ለአንድ ጤና ጣቢያ የዊልቸር መወጣጫ የሚጠይቅ ሰው የሚለምነው ችሮታ የለም፤ የሚጠይቀው ሀገሪቱ ራሷ የደነገገችውን ነው። ይህን ልዩነት የተረዳ ሰው ቢሮ ገብቶ ሲናገር ድምፁም ይለያል።

ሦስተኛው መለያ ራስዎን ይመለከታል። ጉዳዩ መልስ እስኪያገኝ አንድ ዓመት፣ ምናልባትም ሁለት ዓመት ቢፈጅ አብረውት ይቆያሉ? በማኅበራዊ ሚዲያ በአንድ ሳምንት የገነነ ነገር ሁሉ በሚቀጥለው ሳምንት ይረሳል። በየቀኑ የሚያልፉበት መንገድ፣ ልጅዎ የሚማርበት ትምህርት ቤት፣ እናትዎ የሚታከሙበት ጤና ጣቢያ ግን አይረሳዎትም። ችግሩ በቀጥታ የሚነካው ሌላ ሰው ከሆነ ደግሞ አስቀድመው ከዚያ ሰው ጋር ይነጋገሩ፤ ዊልቸር የሚጠቀሙ ነዋሪዎችን ሳያማክሩ ስለ መወጣጫ ማመልከቻ መጻፍ ተገቢ አይደለም፣ ውጤቱም አያምርም።

ማመልከቻው

በሀገራችን ጉዳይ የሚሄደው በወረቀት ነው። ኃላፊውን በአካል አግኝቶ ማነጋገር መልካም ነው፤ ነገር ግን በቃል የተሰጠ ተስፋ ኃላፊው በተቀየረ ማግስት አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ከጤና ጣቢያው ምሳሌ ሳንወጣ ማመልከቻው ምን መምሰል እንዳለበት እንመልከት።

ከአንድ ገጽ ባይበልጥ ይመረጣል። በላይኛው ቀኝ ጥግ ቀን፣ ቀጥሎ የሚጻፍለት አካል ስም፣ ከዚያም «ጉዳዩ፦ ለጤና ጣቢያው ዋና መግቢያ የዊልቸር መወጣጫ እንዲሠራ ስለመጠየቅ» የሚል መስመር ይኑረው። የመጀመሪያው አንቀጽ የታየውን ብቻ ይናገር፤ ለምሳሌ በመግቢያው ላይ ስንት ደረጃ እንዳለ፣ ሕሙማን በሰው ሸክም እንደሚገቡ፣ የካርድ ክፍሉ የሚገኘው ከደረጃው በላይ መሆኑን። ሁለተኛው አንቀጽ አዋጁን በቁጥሩ ይጥቀስ። ሦስተኛው ደግሞ የሚፈለገውን አንድ ነገርና መልስ የሚጠበቅበትን ጊዜ በግልጽ ያስፍር። ስለ ሠራተኞች ጠባይ፣ ስለ መድኃኒት እጥረት፣ ስለ ወረፋው መርዘም ያለዎትን ቅሬታ እዚህ አይጨምሩ፤ አምስት ጥያቄ የያዘ ማመልከቻ ከአምስቱ በቀላሉ ለተመለሰው መልስ አግኝቶ ይዘጋል።

ለማን እንደሚጻፍም ማጣራት ያስፈልጋል። ጤና ጣቢያዎች ከአገልግሎት የሚሰበስቡትን ገቢ ለራሳቸው አገልግሎት ማሻሻያ የሚያውሉበት አሠራር ስላለና የኅብረተሰብ ተወካዮች ያሉበት ቦርድ ስላላቸው፣ አነስተኛ የግንባታ ሥራ ከሆነ ለጤና ጣቢያው ኃላፊና ለቦርዱ ጽፎ ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤትና ለወረዳው ምክር ቤት ግልባጭ ማድረግ ይሻላል። ግልባጩን እንደ ማስፈራሪያ አይቁጠሩት፤ ጥቅሙ ጉዳዩ በአንድ ሰው መሳቢያ ውስጥ ብቻ እንዳይቀር ማድረጉ ነው።

ፊርማ ሲያሰባስቡ በእያንዳንዱ ገጽ ራስጌ ላይ የጥያቄውን ሙሉ ቃል ደግመው ይጻፉ። ባዶ ሰንጠረዥ ላይ የፈረመ ሰው ፊርማው ከምን ጋር እንደሚያያዝ አያውቅም፤ ተቀባዩም «ምን እንደፈረሙ አያውቁም» ለማለት ይመቸዋል። ስም፣ የሚኖሩበት ወረዳና ፊርማ ይበቃል። መፈረም ያልፈለገን ሰው አያስጨንቁ፤ መንግሥት ቤት የሚኖር ወይም በወረዳው የሚሠራ ሰው የራሱ ሥጋት ሊኖረው ይችላል፣ ያንንም ማክበር ይገባል።

ማመልከቻውን ይዘው መጀመሪያ የሚሄዱት መዝገብ ቤት ነው። ሁለት ቅጂ ይያዙ፤ አንዱን ይስጡ፣ በሌላው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና የተቀባይ ፊርማ ያስደርጉ። ይህ ቁጥር የሌለው ማመልከቻ አልቀረበም እንደማለት ነው፤ ከወር በኋላ ሲመለሱ «ጠፍቷል» ቢባሉም ያስገቡበትን ቁጥር ጠርተው ማስፈለግ ይችላሉ። ቅጂዎቹ ቢያንስ በሁለት ሰዎች ቤት ይቀመጡ።

ጊዜውን ማወቅ

ብዙ ትክክለኛ ጥያቄዎች የሚወድቁት ጊዜያቸው ካለፈ በኋላ ስለሚቀርቡ ነው። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ የሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ የሚዘጋጀውና በጀት የሚጠየቀው ግን ከዚያ ቀደም ባሉት ወራት ነው። ገንዘብ የሚያስፈልገውን ጥያቄ በሰኔ መጨረሻ ያቀረበ ሰው «ለሚቀጥለው ዓመት» መባሉ አይቀርም። ስለዚህ በጥርና በየካቲት ይጀምሩ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትም የራሱ የቀን መቁጠሪያ አለው፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 58 መሠረት ዓመታዊ ሥራው ከመስከረም ወር የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ እስከ ሰኔ 30 ነው። ተወካይዎን በምርጫ ክልላቸው ማግኘት የሚቀለው ምክር ቤቱ ለዕረፍት በሚዘጋበት ጊዜ ነው፤ በተለይ ክረምቱን ይጠቀሙበት።

መልስ ሲጠፋ

ዝምታ ሲበዛ የመጀመሪያው እርምጃ በዚያው ተቋም ውስጥ ላለው ቅሬታ ሰሚ አካል ማመልከት ነው። ችግሩ መረጃ መከልከል ከሆነ፣ ለምሳሌ የወረዳው በጀት ለምን እንደዋለ ማወቅ ፈልገው ከተከለከሉ፣ የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 የመንግሥት አካል መረጃ የመስጠት ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል፣ ለመልሱም እስከ 30 ቀን ይሰጠዋል። ከዚያ አልፎ አስተዳደራዊ በደል ከደረሰ የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤቱታ በነፃ ይቀበላል፤ ወደ እርሱ ሲሄዱ ግን በተቋሙ ውስጥ ያለውን የቅሬታ ደረጃ መጨረስዎን የሚያሳይ ሰነድ ይዘው ይሂዱ። የመዝገብ ቤቱ ቁጥር የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። የሰብአዊ መብት ጥሰት ከሆነ ደግሞ የሚመለከተው የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንን ነው።

ብቻዎን አይሁኑ

አዲስ ማኅበር ለማቋቋም አይቸኩሉ። በአብዛኛው ሰፈር የተደራጀ ነገር አለ፦ ዕድር፣ የጋራ ሕንፃ ባለቤቶች ማኅበር፣ የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት፣ በገጠር ደግሞ የውኃ ኮሚቴ። የትምህርት ቤቱ ስብሰባ ሲጠራ ወላጅ የማይሄድበት ሰፈር ብዙ ነው፤ በዚያ ስብሰባ ላይ ለኅብረቱ አመራር መመረጥ ለአንድ ተራ ዜጋ ከሚከፈቱ የኃላፊነት በሮች አንዱና የመጀመሪያው ነው። ቃለ ጉባኤ መጻፍን፣ ሒሳብ ማቅረብን፣ በሐሳብ ተለያይቶ አብሮ መሥራትን ሰው የሚለምደው እንዲህ ባለው ቦታ ነው። ዕድርን በተመለከተ ጥንቃቄ ያሻል፤ አባላቱ የተሰባሰቡት ለሐዘንና ለደስታ እንጂ ለፖለቲካ አቋም አይደለም፣ ስለዚህ ሁሉንም የሚነካ የሰፈር ጉዳይ እንጂ የፓርቲ ጉዳይ ይዘው አይግቡበት።

ሥራው ሰፍቶ የባንክ ሒሳብና ሕጋዊ ሰውነት ሲያስፈልገው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 አለ። በዚህ አዋጅ አምስት ሰዎች ማኅበር መሥርተው በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን መመዝገብ ይችላሉ፤ የቀደመው አዋጅ ቁጥር 621/2001 በመብት ጉዳዮች ላይ በሚሠሩ ድርጅቶች ላይ ጥሎት የነበረው ከውጭ በሚመጣ ገንዘብ ላይ ያተኮረ ገደብም ተነሥቷል።

ስለ ሰላማዊ ሰልፍ በአጭሩ፦ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 መብቱን ያረጋግጣል፣ አዋጅ ቁጥር 3/1983 ደግሞ ሥነ ሥርዓቱን ይዘረዝራል። በአዋጁ መሠረት አዘጋጆቹ ከሰልፉ 48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ማሳወቅ አለባቸው። ሕጉ የሚጠይቀው ማሳወቅ ሆኖ ሳለ በተግባር እንደ ፈቃድ ጥያቄ የሚታይበት ጊዜ ብዙ ስለሆነ ሰው ከመጥራትዎ በፊት መልሱን በጽሑፍ ይያዙ። የጠሩት ሰው ደኅንነት በእርስዎ ላይ ያለ ኃላፊነት ነው።

ፓርቲና ምርጫ

አንዳንድ ጉዳይ ያለ ፓርቲ አይራመድም፤ የመሬት ፖሊሲን ወይም የግብር ሥርዓትን መለወጥ የሚፈልግ ሰው በመጨረሻ ወደ ምርጫ ሳጥን መምጣቱ አይቀርም። ፓርቲ ሲመርጡ ከመሪው ንግግር በፊት የፓርቲውን ፕሮግራምና መተዳደሪያ ደንብ ያንብቡ፤ በተለይ መሪዎቹ እንዴት እንደሚመረጡና እንደሚወርዱ፣ የአባል መዋጮ እንዴት እንደሚመረመር የሚናገሩትን አንቀጾች። የሚያነቡት ደንብ የሚሰጥዎት ሰው ካጡ፣ ያ ራሱ ስለ ፓርቲው በቂ ማስረጃ ነው። ዳኛ፣ ወታደርና ፖሊስ በሥራ ላይ እያሉ የፓርቲ አባል መሆን አይችሉም።

አባል መሆን ለማይፈልግ ሰውም በምርጫ ውስጥ ሥራ አለ። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ለምርጫ ጣቢያዎች ገለልተኛ አስፈጻሚዎችን ይመለምላል፤ ፈቃድ ያገኙ ሲቪል ድርጅቶችም መራጮችን ያስተምራሉ፣ ታዛቢ ያሰማራሉ። በአዋጅ ቁጥር 1162/2011 መሠረት ለመምረጥ 18 ዓመት መሙላትና በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ስድስት ወር መኖር ያስፈልጋል። ስለዚህ ቤት የቀየረ ሰው ምዝገባው እስኪጀመር ሳይጠብቅ የነዋሪነት መታወቂያውን ቀድሞ ያስተካክል።

በውጭ ሀገር የምትኖሩ የሌላ ሀገር ዜግነት የወሰዳችሁ ትውልደ ኢትዮጵያውያን በኢትዮጵያ ምርጫ መምረጥም መመረጥም አትችሉም። ለምትኖሩበት ሀገር ምክር ቤት አባል እንደ መራጭ መጻፍ ግን መብታችሁ ነው፤ የአካባቢያችሁን ትምህርት ቤትና የከተማ ምክር ቤት ስብሰባ መከታተልም እንዲሁ። ለትውልድ ቀዬ ትምህርት ቤት ወይም ጤና ጣቢያ የምታግዙ ከሆነ ደግሞ የሚጎድለውን ለመወሰን የዚያን ሰፈር ኮሚቴ አስቀድሙ።

መልሱ ሲመጣ

ጥያቄዎ ተቀባይነት ሲያገኝ ሥራው ገና ነው። መወጣጫው ሲሠራ ሲሚንቶው ሳይደርቅ ሄደው ይዩት። በብዙ ሀገሮች የተለመደው ልክ ለአንድ ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ነው፤ ከዚያ እጅግ የቆመ መወጣጫ ለፎቶግራፍ ይሆናል እንጂ ሰው በራሱ ኃይል አይወጣበትም። ማመልከቻውን አብረው የፈረሙ የዊልቸር ተጠቃሚዎች ራሳቸው ይሞክሩት፤ ከተቸገሩ በዚያው ሳምንት ፎቶግራፍና ልኬት አያይዘው፣ የመጀመሪያውን ማመልከቻ ቁጥር ጠቅሰው ሁለተኛውን ደብዳቤ ያስገቡ። በትክክል ከተሠራ ደግሞ ለኃላፊውና ለቦርዱ የምስጋና ደብዳቤ ይጻፉ፣ ለወረዳው ምክር ቤትም ግልባጭ ያድርጉ፤ በአካባቢው ያለ ሌላ ጤና ጣቢያ ተመሳሳይ ጥያቄ ሲቀርብለት ያ ደብዳቤ ከማመልከቻው ጋር ተያይዞ ሊቀርብ ይችላል።