ብርዱን ሲሸሹ የሚሠሩ የብስክሌት ስህተቶች

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ሐምሌና ነሐሴ ዝናብ፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ውርጭ፣ በመሃል በመሃሉ ነፋስ። ይህን ለሰሜን ሸዋ ሰው መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ግን ብርዱን ከልጅነቱ የሚያውቀው ሰው እንኳ ብስክሌት ላይ ሲወጣ የማይሆን ነገር ያደርጋል። እኔ ብስክሌት እጠግናለሁ። ጠዋትና ማታ ወደ ሥራ የምመላለሰውም በእሱው ነው። ተጎትቶ የሚመጣልኝ አብዛኛው ብልሽት፣ እያነከሰ የሚመጣው ባለቤቱም ጭምር፣ የብርዱ ሥራ አይደለም። ብርዱን ለመሸሽ የተደረገ ነገር ነው የሚያመጣው።

ልብስ መደራረብ

ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከቤት ሲወጣ የሚሞቀው ሰው ተሳስቷል። ሹራብ በሹራብ፣ በላዩ ካፖርት፣ አንገት ላይ ሻርፕ። ዳገቱን ሳይጨርስ ላብ በላብ ይሆናል። ከዚያ ቁልቁለቱ ይመጣል፤ ነፋሱ እርጥብ ልብሱ ላይ ያርፋል። መሥሪያ ቤት ሲደርስ ጥርሱ ይንቀጫቀጫል፣ በማግስቱም የበለጠ ደርቦ ይመጣል።

ከበር ስትወጡ ትንሽ በረድ ካላችሁ ልክ ለብሳችኋል። ሰውነት በፔዳሉ ይሞቃል። የሚቆጠረው የልብሱ ብዛት ሳይሆን ዓይነቱ ነው። ጥጥ ውሃ ጠጥቶ ገላ ላይ ይለጠፋል፣ ቶሎም አይደርቅም። ሱፍ ግን ረጥቦም ቢሆን ሙቀት ይይዛል። የመንዝ ሰው ከበጉ ፀጉር ባና የሚያሠራው ለጌጥ አይደለም። ከውስጥ ስስ የሱፍ ሹራብ፣ ከላይ ነፋስ የማያስገባ ቀላል ጃኬት፣ በቃ። ለቁልቁለቱ ደረት ላይ፣ ከጃኬቱ ሥር፣ የታጠፈ ጋዜጣ አስገቡ። ሲደርሱ አውጥቶ መጣል ነው።

ደረትና ጎድን ላይ የሚከመረው ልብስ ለእጅና ለእግር ቢተርፍ ጥሩ ነበር። የደነዘዘ ጣት ፍሬን አይጨብጥም። የሱፍ ጓንት ካላችሁ በላዩ ስስ የፕላስቲክ ጓንት አጥልቁበት። ለእግር ደግሞ ካልሲ፣ በካልሲው ላይ ፌስታል፣ ከዚያ ጫማ። ያስቃል፣ ግን ይሠራል።

ጋቢ

ጋቢ ለብሶ መንዳት፦ ጫፉ ካቴና ውስጥ ይገባል። ነጠላም፣ ረጅም ሻርፕም እንደዚያው። ዣንጥላ ይዞ በአንድ እጅ ስለሚነዳው ሰው ምንም አልልም።

የተቃጠለ ዘይት

እዚህ ላይ ትንሽ ልናደድ። በየክረምቱ ያው ታሪክ ነው። ልጁን ዝናብ ይመታዋል። በማግስቱ ካቴናው ዝጎ ይንጫጫበታል። ጎረቤት ካለ ጋራዥ ሄዶ የተቃጠለ የሞተር ዘይት በሃይላንድ ያስቀዳና፣ ካቴናው ገና ውሃ እያንጠባጠበ፣ ላዩ ላይ ይደፋበታል። ጩኸቱ ጸጥ ይላል። ደስ ይለዋል። ሳምንት ሳይሞላው እኔ ዘንድ ይመጣል።

«ጋሼ፣ ፍሬኑ አልይዝ አለኝ። ያጥብቁልኝ።»

ማጥበቁን ላጠብቅ እችላለሁ። ገመዱ እስኪበጠስ ቢጠብቅ ግን ዋጋ የለውም። ከካቴናው የተረጨው ዘይት የኋላውን ቸርኬ ቀብቶታል። የፍሬኑ ላስቲክም ጠጥቶታል። አንዳንዱማ ዝገት እንዳይበላው ብሎ ቸርኬውን ራሱን በዘይት ጨርቅ ይወለውለዋል! ወገኖቼ፣ ፍሬን ማለት ላስቲኩ ቸርኬውን ሲቆነጥጥ የሚፈጠር ሰበቃ ነው። ሌላ ምሥጢር የለውም። ሰበቃውን በዘይት ካጠፋችሁት በምን ሊይዝ ነው?

ወደ በሬሳ ወንዝ በሚወርደው መንገድ፣ እንዲህ የተወለወለ ቸርኬ ይዞ የተለቀቀ አንድ የፋብሪካ ሠራተኛ አውቃለሁ። ያዳነው ጭድ የጫነ የፈረስ ጋሪ ነው። እሱ ጭዱ ውስጥ ገብቶ ተረፈ። ባለጋሪው ግን ባየው ቁጥር እስካሁን ይሰድበዋል። እውነቱን ነው።

ለካቴናውስ ቢሆን ምን ይጠቅመዋል? የተቃጠለ ዘይት ከሞተር ውስጥ የብረት ብናኝና ጥላሸት ይዞ የወጣ ነው። በላዩ የመንገድ አሸዋ ሲለጠፍበት ካቴናውንና ጥርሱን ይሞርዳቸዋል። ትክክለኛው ሥራ ደግሞ ከዚህ ይቀላል። መጀመሪያ ካቴናውን በደረቅ ጨርቅ ይዞ ፔዳሉን ወደ ኋላ ማዞር፣ እስኪደርቅ። ከዚያ አዲስ ዘይት በየመገጣጠሚያው ጠብታ ጠብታ። ጥቂት አዙሮ ከላይ የተረፈውን መጥረግ። ዘይቱ የሚፈለገው በመገጣጠሚያው ውስጥ ነው፤ ከውጭ የሚታየው ሁሉ አሸዋ መሰብሰቢያ ነው። የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ለበጋ ደህና ነው፣ ለሐምሌ ግን ቀጭን ስለሆነ ዝናቡ ያጥበዋል። ያኔ አዲስ የሞተር ዘይት ይሻላል።

ቸርኬው አንዴ ዘይት ከነካው በሙቅ ውሃና በሳሙና ደጋግሞ ማጠብ ነው። የፍሬኑን ላስቲክ ገጽ በብርጭቆ ወረቀት ፋቅ ፋቅ አድርጉት። ዘይቱ ጠልቆ ከገባ ላስቲኩን ቀይሩት፤ ከወለቀ ጥርስ ይረክሳል።

ዘይት ባይነካውም እንኳ፣ የረጠበ ቸርኬ ወዲያው አይዝም። የብረት ቸርኬ ከአሉሚኒየሙ በጣም የባሰ ነው። ስለዚህ ዝናብ ላይ ፍሬን የሚያዘው ሁለት ጊዜ ነው። መጀመሪያ ቀደም ብሎ፣ ለስለስ አድርጎ፣ ውሃውን ከቸርኬው ላይ ለመጥረግ። ቀጥሎ ለመቆም። ባጃጁ ሰው ለመጫን ድንገት ቀጥ ሲል ያን ጊዜ ጥረጋ ከጀመራችሁ ጊዜው አልፏል።

ከነፋስ ጋር መታገል

ከደብረ ብርሃን ወደ ጫጫ ያለውን ሜዳ የነዳ ሰው ነፋስ ምን እንደሆነ ያውቃል። ከለላ የሚባል ነገር ብዙም የለም። ጀማሪው ነፋሱ ፊት ለፊት ሲመጣ እልህ ይይዘዋል። ጭንቅላቱን ደፍቶ በከባድ ማርሽ ይገፋል። ነፋሱ ግን እልህ አያውቅም። የአየር ግፊት ከፍጥነት ጋር እኩል አይጨምርም፤ ፊታችሁን የሚመታው አየር ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የሚገፋችሁ ኃይል ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል። ስለዚህ ማርሹን አቅልሉ፣ ክርናችሁን አጥፋችሁ ዝቅ በሉ፣ አርፍዳችሁ መድረስን ተቀበሉ። ወይም ቀደም ብላችሁ ውጡ። በበጋ ማለዳ አብዛኛውን ጊዜ ጸጥ ያለ ነው፤ ነፋሱ የሚነሳው ፀሐይ ምድሩን ካሞቀች በኋላ፣ ረፋዱ ላይ ነው።

አደገኛው ግን የጎን ነፋስ ነው። ነፋስ ከግራ ሲመታችሁ ሳታውቁት ወደ ግራ ዘንበል ብላችሁ ትነዳላችሁ። በዚህ መሃል ሲኖትራክ በግራ በኩል ሊቀድማችሁ ይመጣል። መኪናው ነፋሱን ለቅጽበት ይጋርደዋል። የተደገፋችሁት ነገር በድንገት ስለጠፋ ወደ መኪናው ትሳባላችሁ። መኪናው አለፈ ስትሉ ደግሞ ነፋሱ ተመልሶ ወደ ጉድባው ይገፋችኋል። ብዙ ሰው «ሾፌሩ ሊገፋኝ ነበር» ይላል። ሾፌሩ ላይነካው ይችላል። መፍትሔው የመኪናውን ድምፅ ሲሰሙ ፍጥነት መቀነስ፣ መሪውን ሙጭጭ ሳያደርጉ በሁለት እጅ መያዝና ከአስፋልቱ ጠርዝ ትንሽ ቦታ ማስቀረት ነው። ጠርዙን ታክኮ የሚሄድ ሰው ሲገፋ የሚሸሽበት የለውም።

ላስቲክ እንደ ካባ ደርበው የሚነዱም አሉ። ነፋስ ሲገባበት ይነፋና ብስክሌቱን እንደ ሸራ ይነዳዋል። የግድ ከሆነ ወገባችሁ ላይ በገመድ እሰሩት። በጃኬት ኮፍያ ጆሮን ሸፍኖ መንዳትም እንዲሁ ነው፤ ስትዞሩ የምታዩት የኮፍያውን ውስጥ ነው። ስስ የሱፍ ቆብ አድርጉ፣ ከላዩ ሄልሜት።

አረቄ

«አንድ ሁለት መለኪያ ያሞቃል» የሚለው ውሸት ነው። አረቄ ደሙን ወደ ቆዳ ስለሚያወጣው የሞቃችሁ ይመስላችኋል፤ ሙቀቱ ግን ከሰውነታችሁ እየወጣ ነው። ሚዛናችሁንም ይወስዳል። ሰውየው ሲንቀጠቀጥ ቆይቶ ምላሱ ከተሳሰረ፣ የጃኬቱን ቁልፍ መፍታት ካቃተው፣ ጨዋታ አይደለም። አስቁሙት። ወደ ሻይ ቤት አስገቡት፣ እርጥቡን ልብስ አስወልቁት፣ ደረቅ ጋቢ አልብሱት፣ ስኳር የበዛበት ሻይ ስጡት። ጋቢ ቦታው እዚህ ነው።

ውሃ የቋረበትን ማቋረጥ

ኩሬው ሥር ምን እንዳለ አታውቁም። የተነቀለ ኮብል ሊሆን ይችላል። ክዳን የሌለው ቦይም ሊሆን ይችላል። ትናንት ደረቅ ሳለ ያላያችሁትን ኩሬ ዛሬ አትግቡበት።

የረጠበ ኮብልስቶን ራሱ፣ በተለይ ከጥቁር አፈር መንገድ ጭቃ የተጎተተበት፣ ያንሸራትታል። ፍሬን የሚያዘው ከመታጠፍ በፊት ነው። እየታጠፉ ፍሬን መያዝ መሬት ለመሳም ነው። ከረዥም ደረቅ ጊዜ በኋላ የሚጥለው የመጀመሪያው ዝናብ ከሐምሌ ዶፍ ይብሳል። አስፋልቱ ላይ የከረመውን ዘይትና አቧራ ያነሳዋል፣ ገና አላጠበውም። በውርጭ ወራት ደግሞ ጥላ ያለበትን መንገድ ተጠንቀቁ፤ ፀሐይ ያላገኘችው ድንጋይ ላይ በረዶው እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ሊቆይ ይችላል።

ጎማውን ድንጋይ እስኪሆን መንፋትም የዚሁ አካል ነው። በእርጥብ ድንጋይ ላይ ትንሽ ለስለስ ያለ ጎማ የበለጠ ይይዛል። በጣም ከለሰለሰ ግን ካላማዳሪው በጉድጓድ ይነከሳል። በአውራ ጣት ሲጫኑት ትንሽ መስጠት አለበት።

ጭጋግ ውስጥ መብራት አለማብራት

ከጣርማ በር ተራራ አካባቢ የመጣ ሹፌር ጭጋግ ምን እንደሚያደርግ ይነግራችኋል። መብራት ለማየት ብቻ አይደለም፤ ለመታየትም ነው። የኋላውን ቀይ መብራት ጭቃ ሸፍኖት እንደሆነ ሳትወጡ ጥረጉት።

ላቫጆ

ጭቃውን በግፊት ውሃ አስጠርጎ አብረቅርቆ የሚመጣ ብስክሌት ሳይ ያመኛል። ውሃው ኩሽኔታው ውስጥ ገብቶ ግራሶውን ያወጣዋል። ከወር በኋላ ጎማው ሲዞር ይንገጫገጫል። ባልዲና ጨርቅ ይበቃል። ጥቁሩ ጭቃ ፓራፋንጎው ሥር ሳይደርቅ በእንጨት ፍቁት፤ ከደረቀ ጎማውን አያዞርም።

ማታ ደግሞ የረጠበውን ብስክሌት በላስቲክ ጠቅልሎ ማሰር ይቅር። ላስቲኩ እርጥበቱን አፍኖ ይይዘውና ዝገቱ ይፈጥናል። ጣሪያ ሥር፣ አየር በሚያገኝበት ቦታ አቁሙት።

መንገድ ላይ ጎማ ቢተነፍስባችሁ፣ የረጠበ ጎማ በጠርሙስ ስባሪ ቶሎ ይቀደዳልና በክረምት ይበዛል፣ ጥገናውን ዝናብ ላይ አትጀምሩ። ማስቲሽ እርጥብ ካላማዳሪ ላይ አይዝም። ከጣሪያ ሥር ግቡ፣ ቦታውን አድርቁ፣ ፋቁ፣ ማስቲሹን ቀቡና እስኪደርቅ ጠብቁ። ሁሉም የሚቸኩለው እዚህ ጋ ነው። ማስቲሹ ጣት ላይ መለጠፉን ሲያቆም ነው መጠገኛው የሚለጠፈው። ትርፍ ካላማዳሪ ከያዛችሁ ግን ይህን ሁሉ ትታችሁ ቀይሩና ሂዱ፤ የተበሳውን ማታ ቤት ትጠግኑታላችሁ፣ ወይም ታመጡልኛላችሁ።