የፕሮግራሚንግ መጽሐፍ ከሥራ ጎን ለጎን እንዴት ይገመገማል?

መጀመሪያ የኅትመት ዓመቱንና ቨርዥኑን ይዩ። ለምሳሌ ፓይተን በተባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ፣ የአሮጌው ቨርዥን የፓይተን 2 ድጋፍ በ2020 እ.ኤ.አ. መግቢያ ተቋርጧል፤ «ፕሪንት» የተባለውን ጽሑፍ የማሳያ ትእዛዝ ያለ ቅንፍ የሚያስተምር መጽሐፍ በፓይተን 3 ላይ ስህተት ያወጣል።

ከየምዕራፉ ቢያንስ 2 ምሳሌ ከገጹ እያዩ በእጅዎ ጽፈው ያስኪዱ። ከደራሲው የሚወርደው ኮድ ብዙ ጊዜ ታርሞ ስለሚቀመጥ የኅትመቱን ግድፈት ይሸፍናል። ለእያንዳንዱ መጽሐፍ አዲስ ቨርቹዋል ኢንቫይሮመንት (ከሌሎች ሥራዎች የተለየ የፓይተን መሥሪያ ቦታ) ይክፈቱ፤ አለዚያ ቀድሞ የተጫነ ላይብረሪ (ሌሎች የጻፉት ዝግጁ ኮድ) መጽሐፉ የዘለለውን ደረጃ ይደብቅልዎታል። ደብረ ማርቆስም ሆነ ባሕር ዳር፣ ኔትወርክ ሳለ ላይብረሪዎቹን «ፒፕ ዳውንሎድ» በተባለው የፓይተን ትእዛዝ አውርደው ያስቀምጡ።

ስህተት ሲያገኙ ገጹንና የወጣውን መልእክት እንዳለ ይመዝግቡ። «ጥሩ ነው» ማለት ለማንም አይጠቅምም፤ ለማን እንደሚሆን ይጻፉ። ዶከር (ፕሮግራሞችን ለየብቻ አሽጎ የሚያስኬድ ሶፍትዌር) የሚጠይቅ መጽሐፍ 4 ጊጋባይት ራም ባለው ላፕቶፕ ለሚማር የቡሬ ተማሪ ይከብዳል። መጽሐፉን ከአሳታሚው በነጻ ከተቀበሉ፣ ይህን በግምገማዎ አናት ላይ ይግለጹ።