ለጃፓናዊ የብዕር ጓደኛ የበዓል ስጦታ ሲልኩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ኦሳካ ከምትኖር የብዕር ጓደኛዬ ጋር መጻጻፍ በጀመርን ዓመት፣ ለአዲስ ዓመቷ ይድረስላት ብዬ አንድ ካርቶን ሞልቼ ላክሁ። ሁለት ኪሎ የተቆላ ቡና፣ ጀበና ከነሲኒው፣ ነጠላ፣ የብር ሐብል። እኛ ዘንድ ለሩቅ ወዳጅ የሚላክ ነገር ሲያንስ ያሳፍራል፤ ያደግሁትም ይህን እያየሁ ነው። ጥቅሉ ከደረሳት በኋላ ግን አንድ ወር ሙሉ ደብዳቤዋ ጠፋ። ቆይታ እንደነገረችኝ፣ የከረመችው ለዚያ ሁሉ የሚመጥን መልስ ስትፈልግ ነበር።

ማብዛት

ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህ ነው፤ ምክንያቱም ከደግነት የሚመጣ ነው። በጃፓን ስጦታ የተቀበለ ሰው መልስ ይልካል። ልማዱ ኦካኤሺ ይባላል፤ የመልሱም ዋጋ ብዙውን ጊዜ የተቀበሉትን ግማሽ ወይም ሲሶ ያህል እንዲሆን ይጠበቃል። ስለዚህ ውድ ዕቃ ሲልኩ ወዳጅዎን ያስጨንቃሉ፤ ተማሪ ከሆነች ደግሞ የፖስታው ሒሳብ ብቻ ይከብዳታል። የከተማ ቤቶችም ጠባብ ናቸው፤ ለረከቦትና ለጀበና የሚሆን ቦታ ሁሉም ጋ አይገኝም።

አሁን የምልከው በመዳፍ የሚያዝ ነገር ነው፦ ትንሽ የስፌት ሥራ፣ ባለጥለት የመጽሐፍ ዕልባት፣ የአገራችን ቴምብሮች። ደብዳቤ የሚጻጻፍ ሰው ቴምብር የማይወድ ገና አልገጠመኝም። ጉምሩኩም ቢሆን በአጠቃላይ እስከ 10,000 የን የሚያወጣ ስጦታ ያለ ቀረጥ ያሳልፋል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ቀረጡን የምትከፍለው ተቀባይዋ ናት።

በዓሉን መሳት

ብዙዎቻችን የምናስበው ለፈረንጆች ገና መድረሱን ነው። በጃፓን ክርስቲያኑ ከሕዝቡ 1 በመቶ ገደማ ነው፤ ታኅሣሥ 16 የሚውለው የፈረንጆች ገና የሥራ ቀን ሲሆን፣ ምሽቱ የፍቅረኞችና የክሬም ኬክ የሚጠብቁ ልጆች ነው። ትልቁ በዓል አዲስ ዓመት ነው። አገሩ የአውሮፓውያንን የዘመን አቆጣጠር ከተቀበለበት እ.ኤ.አ. ከ1873 ወዲህ ጃኑዋሪ 1 ቀን ይከበራል፤ በእኛ ታኅሣሥ 23 ገደማ መሆኑ ነው። ከአዲስ አበባ በተራ ፖስታ የሚልክ ሰው ኅዳር ሳይጋመስ ቢልክ ይሻለዋል።

አንድ ነገር ግን አስቀድመው ይጠይቁ። በዓመቱ ውስጥ ከቤተሰብ ሰው የሞተባቸው ጃፓኖች የአዲስ ዓመት ካርድ አይልኩም፤ በኅዳር አካባቢ ሐዘን ላይ ነን የሚል ካርድ ለወዳጆቻቸው ይልካሉ። ሐዘኑ ሞቹ ይባላል። ለእንዲህ ያለች ጓደኛ «እንኳን አደረሰሽ» የሚል ካርድ መላክ፣ እኛ ለቅሶ ቤት ገብተን «እንኳን ደስ ያላችሁ» እንደማለት ነው። አዲስ ዓመቱ አልፎ ማጽናኛ ደብዳቤ ይጻፉ።

ቢዘገይብዎም አይጨነቁ፤ የእኛን ገና ምክንያት ያድርጉ። እኛ ዶሮ በምንበላበት በጃኑዋሪ 7 ቀን፣ ጃፓኖች በሰባት ዓይነት ቅጠል የተሠራ የሩዝ ገንፎ ይበላሉ፤ በበዓሉ የከበደ ሆዳቸውን ለማሳረፍ። ይህን ስነግራት ጓደኛዬ ሦስት ገጽ ጻፈችልኝ።

መጥፎ ትርጉም ያለው ዕቃ

እዚህ ላይ ረጋ ብለው ያስቡ፤ ለእኛ የሚያምረው እዚያ ሊያስደነግጥ ይችላልና። በእንጨት የተፈለፈለ ሚዶ ከገበያችን ከሚገዙ ቀላልና ቆንጆ ነገሮች አንዱ ነው። በጃፓንኛ ግን ማበጠሪያ ኩሺ ነው፤ «ኩ» የሥቃይ፣ «ሺ» የሞት ድምፅ ነው። አራት ቁጥር «ሺ»፣ ዘጠኝ ደግሞ «ኩ» ተብለው ስለሚነበቡ፣ በአራት ወይም በዘጠኝ የተቆጠረ ነገር አይልኩም። ሲኒ መላክ ካማረዎ ሦስት ወይም አምስት ያድርጉት፤ የእነሱም የሻይ ዕቃ በአምስት መሸጡ የተለመደ ነው።

መሐረብም የመለያየት ምልክት ነው፤ ነጭ ከሆነ ደግሞ የአስከሬን ፊት የሚሸፈንበትን ጨርቅ ያስታውሳል። ሙሉ ነጭ ነጠላን የምተወው በዚህ ነው፤ በምትኩ ደማቅ ጥለት ያለው የአንገት ሻርፕ እመርጣለሁ። ቢላና መቀስ ዝምድና ይቆርጣሉ ይባላል።

ዕጣን ላይ ብዙ አስቤያለሁ። ያለ ዕጣን ቡና አይፈላም ብለን ያደግን ሰዎች ከቡናው ጎን ብንጨምረው ያምረናል። ጃፓኖችም መልካም ጭስ ይወዳሉ፤ ለዘመናት ያቆዩት የዕጣን ጥበብ አላቸው። ነገር ግን ዕጣን ሐዘን ለደረሰበት ቤተሰብም የሚላክ ስጦታ ነው። ስለዚህ ያለ ማብራሪያ አይላኩት። እኔ የላክሁት በሦስተኛው ዓመት ነበር፤ የቡና ሥርዓታችንን በደብዳቤ ካስረዳኋት በኋላ።

ከዕቃው ይልቅ ቀለሙ የሚጎዳበት ጊዜም አለ። በብራና መጻሕፍታችን የእመቤታችንና የቅዱሳን ስም በቀይ ቀለም ይጻፋል፤ ለክብር። በጃፓን የሰው ስም በቀይ መጻፍ ከመቃብር ድንጋይ ጋር ይያያዛል። ካርዱ ላይ ስሟን በሰማያዊ ወይም በጥቁር ይጻፉ።

ምግብ ላይ መሳሳት

ቋንጣ አይላኩ። ጃፓን ያለ ምርመራ የምስክር ወረቀት የሚመጣ የሥጋ ውጤት አታስገባም፤ ደረቅ ቢሆንም፣ ጥቂት ቢሆንም፣ ስጦታ ቢሆንም። ጥሬ ቡናም የዕፅዋት ምርመራ ስለሚመለከተው እዚያው ቆልታ ትጠጣው ማለት አይሠራም። የተቆላው ግን አይመለከተውም። የአልኮል ሽቶም በአየር ፖስታ አይሄድም። ምንነቱ ያልተጻፈበት ዱቄት በላስቲክ ቋጥሮ መላክ ደግሞ ጉምሩክ ላይ ጥያቄ መጋበዝ ነው።

ምርጡ ምግብ ነክ ስጦታ 200 ግራም የተቆላ ቡና ነው ብዬ አምናለሁ። ጃፓኖች ቡናችንን «ሞካ» በሚል ስም ያውቁታል፤ ሲዳማ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ በዚያው ስም ይሸጣሉ። ከየትኛው አካባቢ እንደሆነና መቼ እንደተቆላ ጽፈው ይለጥፉበት። ወላጆቿ በዕድሜ የገፉ ከሆኑ የአበበ ቢቂላን ፖስትካርድ ይጨምሩ። እ.ኤ.አ. በ1964 በቶኪዮ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ያሸነፈው እዚያው ዓይናቸው እያየ ነው፤ የጓደኛዬ አባት ካርዱን ሳሎን ግድግዳ ላይ ሰቅለውታል።

ወረቀቱን ችላ ማለት

በጉምሩክ ቅጹ ላይ «ስጦታ» ብቻ ብሎ መተው አይበቃም፤ እያንዳንዱን ዕቃ፣ ብዛቱን፣ ክብደቱንና እውነተኛ ዋጋውን በእንግሊዝኛ ይዘርዝሩ። ትናንሽ ጥቅሎች የሚላኩበት አገልግሎት ጣሪያው 2 ኪሎ ነው። እኛ በፖስታ ሣጥን ቁጥር ስለለመድን አድራሻ እናሳጥራለን፤ እዚያ ፖስተኛው በር ድረስ ይሄዳል። ሰባት አሃዝ ያለውን የፖስታ ኮድ፣ የሕንፃውን ስምና የክፍሉን ቁጥር አይዝለሉ። ጓደኛዎ አድራሻዋን በጃፓንኛ ጽፋ ከላከችልዎ፣ አትመው ከእንግሊዝኛው በታች ይለጥፉት፤ የአገሩን ስም ግን በእንግሊዝኛ ይጻፉ።