በሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናትን ለሚያስተምሩ፦ ከትምህርቱ ቀድሞ የሚታየው ጠባይ

በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ሆኖ እንዲካሄድ ያዛል። ስለዚህ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ የሆነ የኦርቶዶክስ ልጅ ሃይማኖቱን በሥርዓት የሚማረው በአብዛኛው በሰንበት ትምህርት ቤት ነው፤ ያውም በሳምንት አንድ ቀን። በዚያች አጭር ሰዓት ልጁ ቃሉን ከመምህሩ ሁኔታ ለይቶ አይሰማም።

ከሰዓቱ 15 ደቂቃ ቀድመው ይድረሱ። ቀድመው የመጡትን ልጆች ያነጋግሩ፣ ስማቸውንና የክርስትና ስማቸውን በመዝገብ ይያዙ። ሁልጊዜ ሁለቱን ጎበዞች ብቻ በስም የሚጠራ መምህር፣ ስለ እግዚአብሔር ፍቅር ቢያስተምርም ከኋላ የተቀመጡት አያምኑትም። ለበዓል ትያትር ሚና ሲያድሉም ዕጣ ያውጡ፤ የዘመድ ልጅ በየዓመቱ ማርያምን ከሆነች ሌሎቹ ያስተውላሉ።

«ዛሬ ያልጾመ እጁን ያውጣ» አይበሉ። የታመመው፣ እናቱ ያበላችው፣ ገና ያልጀመረው ሁሉ በጓደኞቹ ፊት ያፍራል፤ በሚቀጥለው እሑድ ደግሞ ይዋሻል። ጾምን ለማስተማር ተብሎ ውሸት ተማረ ማለት ነው። ለምን እንደምንጾም ያስረዱ፤ ማን እንደጾመ መከታተሉን ለወላጅና ለንስሐ አባት ይተዉ።

የማቴዎስ ወንጌል 18ን፣ «ሰባ ጊዜ ሰባት» ይቅር ማለትን፣ እያስተማሩ ሳለ የሚረብሽ ልጅ አይጠፋም። ከፊት ሆነው ቢጮኹበት ትምህርቱ እዚያው ፈረሰ። ወደ እሱ ይሂዱ፣ ጎንበስ ብለው በዝቅተኛ ድምፅ በስሙ ይጥሩት፣ አንድ ሥራ ይስጡት። ያለጥፋቱ ተቆጥተውት ከሆነ ይቅርታውን በክፍሉ ፊት ይጠይቁ፤ በሰው ፊት የተዋረደ ልጅ በጓዳ በሚነገር ይቅርታ አይካስም። መምህር ይቅርታ ጠየቀ ብሎ የሚንቅ ልጅ የለም።

ከሁሉም የሚከብደው የልጆች ጥያቄ ነው። «አያቴ እንድትድን ጸልዬ ነበር፤ ለምን ሞተች?» የሚል ልጅ ሲገጥምዎ «ይህ አይጠየቅም» ብለው አይዝጉት፤ ተጣድፈውም አይመልሱ። መጀመሪያ ስለ አያቱ ይጠይቁት፣ ሲናገር ይስሙት። ቀጥሎ «አባን ጠይቄ እሑድ እነግርሃለሁ» ይበሉና እያየ በደብተርዎ ይጻፉት። እሑድ ከረሱት ግን ባይጽፉት ይሻል ነበር፤ ቃል የገባ መምህር ሲረሳ ልጁ ሁለተኛ አይጠይቅም።

የሕፃናት ክፍል ኃላፊ ከሆኑ ደግሞ፣ አዲስ መምህር ከመመደብዎ በፊት ለአራት እሑድ ረዳት አድርገው ያስቀምጡት። ስንት ሰዓት እንደሚደርስ፣ በቅዳሴ ጊዜ ስልክ ይነካ እንደሆነ፣ ልጅ ንግግሩን ሲያቋርጠው ፊቱ ምን እንደሚመስል ይመልከቱ። የመጽሐፍ እውቀት ቢጎድለው በኮርስ ይሞላል፤ ቁጡን ሰው ግን በሕፃናት ላይ አይሞክሩት። ማንም መምህር፣ የቱንም ያህል የተመሰከረለት ቢሆን፣ ከአንድ ልጅ ጋር ብቻውን በተዘጋ ክፍል እንዳይቀመጥ ከመጀመሪያው ቀን ይንገሩት።