የምርጫ አስተያየት ጥናቶችን ስናነብና ስንዘግብ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ምርጫ በተቃረበ ቁጥር የዜና ገጾች በመቶኛ ይሞላሉ። አንዱ ዕጩ በ3 ነጥብ መምራቱ፣ ሌላዋ ዕጩ በ2 ነጥብ ማሽቆልቆሏ በትልልቅ ፊደላት ይታተማል፤ ድምፅ ተቆጥሮ ውጤቱ ከተነገረው የተለየ ሲሆን ደግሞ የአስተያየት ጥናት ሁሉ ከንቱ ነው የሚል ፍርድ ይከተላል። ሁለቱም አቋሞች አንድ ምንጭ አላቸው፤ ጥናቱ ምን ሊለካ እንደሚችልና ምን ሊለካ እንደማይችል አለመመርመር ነው። በእኔ እምነት አብዛኛው ጉዳት የሚደርሰው የአጥኚዎቹ ሠንጠረዥ ወደ ዜና በሚለወጥበት ጊዜ ነው፤ ለዚህም ነው ከዚህ በታች የማነሳቸው ስህተቶች አንባቢንም ጋዜጠኛንም የሚመለከቱት።

ከሁሉ ይልቅ ሥር የሰደደው ስህተት የተጠያቂዎችን ብዛት የታማኝነት ማረጋገጫ አድርጎ መውሰድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1936 ሊተራሪ ዳይጀስት የተባለ የአሜሪካ መጽሔት 10 ሚሊዮን ያህል መጠይቆችን በፖስታ ልኮ ከ2 ሚሊዮን በላይ መልሶችን ሰበሰበ፤ በዚያም ላይ ተመሥርቶ የሪፐብሊካኑ ዕጩ አልፍ ላንደን በሰፊ ልዩነት እንደሚያሸንፉ አስታወቀ። ፍራንክሊን ሩዝቬልት ግን ከ48ቱ ግዛቶች 46ቱን አሸነፉ። መጽሔቱ አድራሻዎቹን በብዛት የወሰደው ከስልክ ማውጫዎችና ከመኪና ባለቤቶች መዝገብ ነበር፤ በዚያ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ደግሞ ስልክና መኪና የነበራቸው ሰዎች ከተራው መራጭ የተሻለ ኑሮ ነበራቸው። በዚያ ላይ መጠይቁን ሞልተው ለመላክ ይበልጥ የተነሳሱት በሩዝቬልት ቅር የተሰኙት ነበሩ። የአስተያየት ጥናት ባለሙያው ጆርጅ ጋሎፕ በዚያው ምርጫ እጅግ ባነሰ ናሙና፣ ማለትም በጥቂት ተጠያቂዎች ስብስብ፣ አሸናፊውን በትክክል ለዩ። ዛሬ በቴሌግራም ወይም በፌስቡክ ገጽ ላይ መቶ ሺህ ሰዎች ድምፅ ሰጡበት ተብሎ የሚዘገበው ቁጥር ከ1936ቱ መጠይቅ የሚለይበት ነገር የለም፤ መላሾቹ ራሳቸውን በራሳቸው የመረጡ፣ የዚያ ገጽ ተከታዮች ናቸው። እንዲህ ያለውን ቁጥር «የሕዝብ አስተያየት» ብሎ መጥራት አንባቢን ማሳሳት ነው።

የስህተት ህዳግ የሚባለውን፣ የጥናቱ ውጤት በዕድል ምክንያት ከእውነተኛው ድርሻ ምን ያህል ሊርቅ እንደሚችል የሚያሳየውን ቁጥር አሳንሶ ማንበብም እንዲሁ የተለመደ ነው። በዘፈቀደ በተመረጡ 1,000 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት ከላይም ከታችም ወደ 3 የመቶኛ ነጥብ የሚጠጋ ህዳግ አለው። ብዙ ዘጋቢዎች የሚዘነጉት ይህ ህዳግ የሚሠራው ለእያንዳንዱ ዕጩ ድርሻ እንጂ በሁለቱ መካከል ላለው ልዩነት አለመሆኑን ነው። አንዱ 46፣ ሌላው 43 በመቶ ካገኙ የልዩነቱ ህዳግ ወደ 6 ነጥብ ይጠጋል፤ ስለዚህ ጥናቱ ማን እንደሚመራ በእርግጠኝነት አልነገረንም። በዚህ ሳምንት 46 የነበረው በሚቀጥለው 44 ሲሆን «ድጋፉ ቀነሰ» የሚለው ርዕስ ደግሞ ይበልጥ ደካማ ነው፤ ይህን ያህል ናሙና ባላቸው ሁለት ጥናቶች መካከል ያለ ከ4 ነጥብ ያነሰ ለውጥ ከዕድል መዋዠቅ ሊለይ አይችልምና። ከ1,000ዎቹ ውስጥ 100 ወጣቶችን ብቻ ነጥሎ «ወጣቶች እገሌን ከዱ» ብሎ የሚጽፍ ጋዜጠኛ 10 ነጥብ ያህል ህዳግ ባለው ቁጥር ላይ እየጻፈ ነው።

ይህ ህዳግ የሚለካው ከናሙና አወሳሰድ የሚመጣውን የዕድል ስህተት ብቻ መሆኑ ደግሞ ከሁሉ የሚከብድ ጉዳይ ነው። ስልክ ያላነሱት፣ ለመመለስ ፈቃደኛ ያልሆኑትና እውነተኛ ሐሳባቸውን የደበቁት ሰዎች የሚያመጡት መዛባት በዚያ ቁጥር ውስጥ የለም። ፒው የተባለው የአሜሪካ የጥናት ማዕከል በስልክ ከሚደውልላቸው ሰዎች መልስ የሚሰጡት እ.ኤ.አ. በ1997 36 በመቶ ነበሩ፤ በ2018 ወደ 6 በመቶ ወርደዋል። አጥኚዎች ጉድለቱን ለማረም በናሙናው ውስጥ ያነሱትን ወገኖች መልስ ከፍ ባለ ክብደት ያስባሉ፤ ይሁን እንጂ እርማቱ የሚሠራው ትክክለኛው መለያ ከታወቀ ብቻ ነው። በ2016 በአሜሪካ የበርካታ ግዛቶች ጥናቶች ናሙናቸውን በትምህርት ደረጃ ስላላስተካከሉ የኮሌጅ ምሩቃን ከድርሻቸው በላይ ተወክለው የዶናልድ ትራምፕ ድጋፍ አንሶ ታየ። በ2015 በብሪታንያ ጥናቶቹ ሁለቱን ትልልቅ ፓርቲዎች አንገት ለአንገት ናቸው ሲሉ ወግ አጥባቂዎቹ በ7 ነጥብ ገደማ ማሸነፋቸውን ተከትሎ የተቋቋመው አጣሪ ቡድንም ዋናው ምክንያት ናሙናው ወካይ አለመሆኑ ነው ብሎ ደመደመ።

ሰዎች ሐሳባቸውን ለመግለጽ በሚሠጉበት አገር ችግሩ ይበልጥ ይጠነክራል። እ.ኤ.አ. በ1990 በኒካራጓ በርካታ ጥናቶች ፕሬዚዳንት ዳንኤል ኦርቴጋ እንደሚያሸንፉ ቢያመለክቱም የተቃዋሚዎቹ ዕጩ ቪዮሌታ ቻሞሮ 55 በመቶ ገደማ ድምፅ አግኝተው አሸነፉ። በዚያ የምርጫ ዘመቻ ወቅት ተመራማሪዎች ጠያቂዎቹን የተለያየ እስክሪብቶ አስይዘው ነበር፤ የገዢውን ፓርቲ መለያ የያዘ እስክሪብቶ ሲያዩ መላሾች ወደ ኦርቴጋ አደሉ፤ የተቃዋሚውን መለያ ሲያዩ ቻሞሮ መሩ። ምንም መለያ የሌለው እስክሪብቶ ሲቀርብ መልሱ እንደገና ኦርቴጋን መረጠ፤ ገለልተኛ ነኝ ባዩ ጠያቂ በሕዝቡ ዘንድ ገለልተኛ ሆኖ አልታየም ማለት ነው። ስለዚህ ነፃነት በጠበበበት ቦታ የተሠራን ጥናት የሚዘግብ ሰው የናሙናውን መጠን ከመጥቀሱ በፊት ጠያቂው ማን እንደነበረና መላሹ ማን ነው ብሎ እንደገመተው ሊጠይቅ ይገባዋል።

የጥያቄውን አነጋገር ሳያዩ መልሱን ብቻ መጥቀስ ሌላው ስህተት ነው። እ.ኤ.አ. በ1941 በአሜሪካ በተደረገ ሙከራ ዴሞክራሲን የሚቃወሙ ንግግሮች በአደባባይ «ሊፈቀዱ» አይገባም ያሉት 62 በመቶ ሲሆኑ «ሊከለከሉ» ይገባል ያሉት ግን 46 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሁለቱ ጥያቄዎች በሥራ ላይ አንድ ውጤት የሚያመጡ ሆነው ሳለ ልዩነቱ 16 ነጥብ ደረሰ።

ጥናትን እንደ ትንቢት መቁጠር ደግሞ የዜና ክፍሎችን ደጋግሞ አሳፍሯል። ጥናቱ የሚናገረው ጥያቄው በተጠየቀባቸው ቀናት ስለነበረው ስሜት ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 በአሜሪካ ታዋቂዎቹ አጥኚዎች የሪፐብሊካኑ ዕጩ ቶማስ ዲዊ ፕሬዚዳንት ሃሪ ትሩማንን እንደሚያሸንፉ እርግጠኛ ሆነው ከድምፅ መስጫው ቀን ሳምንታት ቀደም ብለው መጠየቅ አቆሙ፤ ናሙናቸውንም የሚመርጡት በኮታ፣ ማለትም ከየወገኑ የተወሰነ ቁጥር እንዲሞላ ብቻ በማድረግ፣ ስለነበር ጠያቂዎቹ ለማግኘት ወደሚቀልላቸው ሰዎች አዘንብለው ነበር። ቺካጎ ዴይሊ ትሪቢዩን ቆጠራው ሳያልቅ «ዲዊ ትሩማንን አሸነፉ» ብሎ ባተመ ማግስት አሸናፊው ትሩማን ጋዜጣውን ከፍ አድርገው እየሳቁ ፎቶግራፍ ተነሱ።

የድምፅ ድርሻን ከሥልጣን ጋር ማምታታትም ከዚህ ጋር ይያያዛል። በ2016ቱ የአሜሪካ ምርጫ አገር አቀፍ ጥናቶቹ ለሂላሪ ክሊንተን የሰጡት ብልጫ 3 ነጥብ ገደማ ነበር፤ በእርግጥም በ2 ነጥብ ገደማ በልጠዋል። ፕሬዚዳንቱን የሚወስነው ግን የየግዛቱ ውጤት ነው፤ ያ ስሌት ደግሞ በዊስኮንሲን፣ በሚሺጋንና በፔንሲልቫኒያ ጠባብ ልዩነቶች ለትራምፕ ተወሰነ። ድርሻን ወደ ወንበር መቀየር ሌላ ግምት በግምት ላይ መደረብ ነው። በ2024 በሕንድ መራጮች ከድምፅ መስጫ ሲወጡ ተጠይቀው የተሠሩት አብዛኞቹ ጥናቶች ለገዢው ጥምረት ከ543 የፓርላማ ወንበሮች ከ350 በላይ ሰጡት፤ ያገኘው 293 ነበር።

ከብዙ ጥናቶች መካከል ጎላ ያለውን አንዱን መርጦ ርዕስ ማድረግ ለሽያጭ ይጠቅም ይሆናል፤ ለእውነት ግን አይጠቅምም፤ ያፈነገጠው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የዕድል ውጤት ነውና። የበርካታ ጥናቶችን አማካይ መውሰድ ይሻላል፤ ሆኖም ሁሉም በአንድ አቅጣጫ ከተሳሳቱ አማካዩም አብሯቸው ይሳሳታል። የ2015ቱ የብሪታንያ ምርጫ ያሳየው ይህንኑ ነው።

ያልወሰኑ መራጮችን ከስሌቱ አውጥቶ ቀሪውን እንደ መቶ በመቶ ማቅረብም መቆም አለበት። 20 በመቶው ገና ያልወሰነበት ጥናት ላይ የ4 ነጥብ ብልጫ የያዘ ዕጩ እርግጠኛ አሸናፊ ተብሎ ሲቀርብ አንባቢው ዋናውን መረጃ ተነፍጓል። በተመሳሳይ ፓርቲዎች «የውስጥ ጥናታችን ነው» ብለው ለጋዜጠኛ የሚያቀብሉት ቁጥር የሚወጣው ለእነርሱ ሲመቻቸው ብቻ በመሆኑ ሙሉ ሠንጠረዡና መጠይቁ አብረው ካልቀረቡ መታተም የለበትም። ማንኛውም ዘገባ ጥናቱን ማን እንደሠራው፣ ማን እንደከፈለበት፣ በየትኞቹ ቀናትና በምን መንገድ እንደተጠየቀ፣ ስንት ሰዎች እንደመለሱና ጥያቄው ቃል በቃል ምን እንደነበረ ሊገልጽ ይገባል። ይህ ሁሉ ከሦስት ዓረፍተ ነገር የሚበልጥ ቦታ አይወስድም፤ ለማስታወቂያ ቦታ የማያጣ ጋዜጣ ይህን ማተም አቃተኝ ሊል አይችልም።