አገጭና ጉንጭ ለማስተካከል ካሰቡ እነዚህን ስህተቶች ይራቁ

ደብረ ብርሃን ላይ ቁስል የማሽግ ነርስ ነኝ። ፊት ላይ ኢምፕላንት (ቅርጽ እንዲሰጥ ውስጥ የሚቀመጥ ሰው ሠራሽ ዕቃ) የሚያስገቡ ሰዎች አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር አሠርተው ይመጣሉ። ክር ማውጣቱና ጭንቀቱ ግን እኛ ጋ ይደርሳል።

ሰልፊ አይተው አይወስኑ። 30 ሴንቲ ሜትር ላይ የተነሳ ፎቶ አፍንጫን 30 በመቶ ያህል አስፍቶ ሊያሳይ ይችላል። ሌላ ሰው ራቅ ብሎ ያንሳዎት፣ በጎንም ጭምር።

የላይና የታች ጥርስዎ የማይገጥም ከሆነ ኢምፕላንት አገጩን ወደ ፊት ያወጣዋል እንጂ መንጋጋውን አያስተካክልም። መጀመሪያ የመንጋጋ ቀዶ ሐኪም ይይዎት። የተበላ ጥርስም ካለ ቀድሞ ይታከም።

ምን ዓይነት ኢምፕላንት እንደገባልዎት ሳያውቁ ከክሊኒኩ አይውጡ። አንዷን ስጠይቃት "ፕላስቲክ ነገር ነው ሲስተር" አለችኝ። ሲሊኮን ካስፈለገ በቀላሉ ይወጣል። ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ፖሊኤቲሊን ግን ሥጋ በውስጡ ስለሚያድግ ማውጣቱ ትልቅ ሥራ ነው። የዕቃው ስምና ቁጥር ያለበትን ወረቀት ተቀብለው ያስቀምጡ።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። ጥር ሲደርስ ሙሽራዋ፣ ሚዜዋ፣ አንዳንዴም ሙሽራው ራሱ፣ ሰርጉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው አሠርተው ከች ይላሉ። እብጠት የሚብሰው በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ነው። አብዛኛው በሁለት ሦስት ሳምንት ይወርዳል፣ የቀረው ወራት ይፈጃል። ሐኪሙ ይህን ይነግራቸዋል። ግን ድንኳኑ ተይዟል፣ ቪዲዮ ቀራጩ ቀብድ በልቷል! ከዚያ መስታወት ይዘው ይመጡና "ሲስተር፣ ግራው ከቀኙ ይበልጣል፣ ጠማማ ሆንኩ" ይሉኛል። ፊት እኩል አያብጥም፣ እኩልም አይወርድም። አገጭ ከሆነ የታችኛው ከንፈር ለጊዜው ሊደነዝዝ ይችላል። ሾርባው አገጭ ላይ ሲወርድ ባለቤቱ አይሰማውም። አንዲት ሙሽራ በከንፈሯ ውስጥ ያለው ስፌት ገና ሳይድን አማቷ ክትፎ አጎረሷት። ሚጥሚጣው ለጉድ ነው። "እንዳላሳፍራቸው ብዬ" ብላ ደጋግማ ጎረሰች። በማግስቱ ስፌቱ ተከፍቶ እኔ ጋ መጣች። አዘንኩላትም፣ ተቆጣኋትም፣ ወደ ሠራት ሐኪም ላክኋት። ስለዚህ ሰርግ ካለብዎት ወይ ከወራት በፊት፣ ወይ ከሰርጉ በኋላ።

በአፍ ውስጥ ከተሰፋ ቆሎ፣ ጥሬ ሥጋና ሚጥሚጣ ሐኪሙ እስኪፈቅድ ይቆዩ። ለብ ያለ አጥሚት፣ ቀጠን ያለ ሽሮ፣ በረድ ያለ ገንፎ ይበቃል። ከምግብ በኋላ በታዘዘልዎት ነገር ቀስ ብለው ይጉመጥመጡ። አረቄ ጉሮሮ ያጸዳል የሚሉዎትን አይስሙ።

ሲጋራ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ቢያንስ 4 ሳምንት፣ ከዚያም በኋላ ቢያንስ 4 ሳምንት አይሆንም፤ ሺሻም ያው ነው። አስፒሪንና አይቡፕሮፌን የደም መፍሰስን ስለሚያበዙ የሚወስዱትን ሁሉ አስቀድመው ለሐኪሙ ይንገሩ።

እናቶቻችንን እወዳቸዋለሁ፣ ግን የእኛ አገር ብርድ ያስፈራቸዋል። "ብርድ እንዳይመታህ" ብለው ልጁን በጋቢ ጠቅልለው ከሰል ምድጃ ዳር ያስቀምጡታል። ፊቱ እንደ ድፎ ይነፋል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የሚረዳው ቅዝቃዜ ነው። በረዶውን በጨርቅ ጠቅልለው፣ ትንሽ ይዘው፣ አንስተው ያሳርፉ። የደነዘዘ ቆዳ በረዶ ሲያቃጥለው አይናገርም። ማታ በሁለት ትራስ ቀና ብለው በጀርባ ይተኙ። ፌጦውና ቅቤው ወደ ጓዳ ይመለሱ።

ትኩሳት፣ መግል፣ መጥፎ ሽታ፣ ወይም ወርዶ የነበረ እብጠት ተመልሶ ሲመጣ ፋርማሲ ሮጦ አሞክሳሲሊን መግዛት ሌላው ጥፋት ነው። ኢምፕላንቱ ላይ የሰፈረ ተህዋሲ በክኒን ብቻ ላይጠፋ ይችላል፤ አንዳንዴ ዕቃው ራሱ መውጣት አለበት። አንድ ጎን በድንገት ከተነፋ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ ደግሞ ወዲያው በአቅራቢያ ወዳለ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ከእኛ ከተማ አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከመሐል ሜዳ ወይም ከአንኮበር ለሚመጣ መንገዱ ይረዝማል። የመጀመሪያውን ሳምንት እዚያው ዘመድ ጋ ይሰንብቱ። ዘመድ ምን ሆነህ ነው ካለ ጥርስ ነው ይበሉት።